«በቤታቸው ላለች ቤተ ክርስቲያን»፤ ቤት ውስጥ ቤት እንዴት ይሆናል?

ወለተ ንባብ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ሮሜ 16፥5 በ1954ቱ እትም «በቤታቸውም ላለች ቤተ ክርስቲያን ሰላምታ አቅርቡልኝ» ይላል። ባለቤቶቹ ጵርስቅላና አቂላ ናቸው። ለሰንበት ትምህርት ቤት በሚታተም ንባብ ላይ አንድ አራሚ «ቤት ውስጥ ቤት የለም፤ በቤታቸው ላለ ማኅበር ተብሎ ይታረም» ብሎ ሰርዞታል። ሁለት ነገር ልጠይቅ። «ቤተ ክርስቲያን» እዚህ ቦታ ላይ ትክክል ነው ወይስ አይደለም? ትክክል ከሆነስ የ12 ዓመት ልጅ ሲያነበው ጉልላትና ደወል እንዳይታየው ኅዳጉ (የገጹ ጠርዝ) ላይ ምን ይጻፍ? ያለኝ ቦታ ሁለት መስመር ብቻ ነው።

ጽርዕ ወዳጅ፦
እኅቴ፣ ንባቡ ትክክል ነው፣ አይነካ። የጽርዑ (የግሪኩ) ቃል «ኤክሌሲያ» ነው፤ የተሰበሰበ ሕዝብ ማለት ነው እንጂ ሕንፃ ማለት አይደለም። አራሚው ያላስተዋለው ይኸው ቃል በአማርኛው በሦስት መልክ መምጣቱን ነው። ማቴዎስ 16፥18 ላይ «ቤተ ክርስቲያን» ተባለ። ሐዋርያት ሥራ 7፥38 ላይ እስጢፋኖስ በሙሴ ዘመን በምድረ በዳ ስለነበረው ሕዝብ ሲናገር «ማኅበር» ሆነ። 19፥32 ላይ ደግሞ የኤፌሶን ብር ሠሪዎች ቀስቅሰውት ቲያትሩን የሞላው፣ ለምን እንደተሰበሰበ እንኳ የማያውቀው ሕዝብ «ጉባኤ» ተባለ። ሦስቱም ቦታ ጽርዑ አንድ ነው። ተርጓሚዎቹ የተሰበሰበው ማን እንደሆነ እያዩ ለይተውታል፤ በክርስቶስ ያመኑት ሲሆኑ ብቻ «ቤተ ክርስቲያን» አሉ። ጵርስቅላ ቤት የተሰበሰቡት ያመኑት ናቸውና ቃሉ ቦታው ላይ ነው።

በነገራችን ላይ ጵርስቅላና አቂላ በሁለት ከተማ ቤታቸውን ሰጥተዋል። 1ኛ ቆሮንቶስ 16፥19 ላይ በኤፌሶን ሳሉ፣ ሮሜ 16 ላይ በሮም። ሙያቸው ድንኳን መስፋት ነበር።

ዘቅኔ፦
ጽርዕ ወዳጅ ጥሩ ጀምሮ ሥሩን ሳይነካ ተወው። ኤክሌሲያ «ኤክ» ማለት «ከ»፣ «ካሌኦ» ማለት «ጠራ» ነው፤ ከዓለም ተለይተው የተጠሩ ማለት ነው። በዕብራይስጡ ጉባኤ «ቃሃል» ይባላል። ቃሃልን ከእኛ «ቃል» ጋር አስተያዩት፤ አንድ ሥር ናቸው። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን በቃል የተጠራች፣ በቃል የተሰበሰበች ናት። ለልጁም ኅዳግ ላይ ይህ ይበቃዋል።

ሰዋስወ ግእዝ፦
መሪጌታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሁለቱም አይቆሙም። «ቃል» መካከሉ ላይ «ው» የዋጠ ግስ ነው፤ የዕብራይስጥ ጓደኛው «ቆል» ነው፣ ድምፅ። «ቃሃል» መካከሉ «ሀ» ነው። ሆሄ ሲመሳሰል ሥር አንድ አይሆንም። እንዲህ ከሆነማ «ቀለም»ንና «ቀለመጠ»ን ማዛመድ ልንጀምር ነው።

«ከዓለም የተጠሩ» የሚለውም ስብከቱ ያማረ ነው፤ ቃሉ ግን በዘመኑ እንዲያ አይሰማም ነበር። በአቴና ኤክሌሲያ ማለት በፕኒክስ ኮረብታ የሚሰበሰብ የዜጎች ሸንጎ ነው። ለአንዳንድ ውሳኔ 6,000 ሰው መሙላት ነበረበት። ከምንም አልተለዩም፤ ስለ እህልና ስለ ጦርነት ለመምከር ወጡ እንጂ። ኤፌሶን ላይ ሉቃስ ለዚያ ሁከት ይህንኑ ቃል የተጠቀመው ለዚህ ነው። የቃሉ መንፈሳዊ ክብደት ከጽርዕ ግንዱ ሳይሆን ከሰባው ሊቃናት ትርጉም፣ ማለትም ከብሉይ ኪዳን ጥንታዊ የጽርዕ ትርጉም መጣ። በኮሬብ ሕዝቡ በእግዚአብሔር ፊት የቆመበትን ቀን ዘዳግም 9፥10 በጽርዑ «የኤክሌሲያ ቀን» ይለዋል። የሐዋርያት ጆሮ የሚሰማው ያንን ነው።

ዘቅኔ፦
ልጄ፣ ቅኔ ቤት ምሥጢር እንጂ የሆሄ ቆጠራ ብቻ አይማሩም። «ጰራቅሊጦስ» የሚለውን ቃል በግሱ ፍታው። «ፓራ» አጠገብ፣ «ካሌኦ» ጠራ፤ ለረዳትነት አጠገብ የተጠራ። ኤክሌሲያም ካሌኦ፣ ጰራቅሊጦስም ካሌኦ። በሃምሳኛው ቀን ጰራቅሊጦስ ወረደ፣ በዚያው ቀን ጉባኤዋ ተገለጠች። ይህን መገጣጠም ድንገት ነው ትላለህ?

ሰዋስወ ግእዝ፦
የጰራቅሊጦስን እቀበላለሁ፣ እሱ ትክክል ነው። ሁለቱ ቃላት በእውነት አንድ ግስ ይጋራሉ። ቃሃልና ቃል ግን አይጋሩም። አንዱን ስለሰጡኝ ሌላውን አልሰጥም።

አንድምታ ፈላጊ፦
በሰንበት ትምህርት ቤት የሚሰጠው ሦስት ትርጉም እያለ ለምን ሩቅ ተኬደ? አንደኛ ሕንፃው፣ ቅዳሴ የሚቀደስበት። ሁለተኛ እያንዳንዱ ምእመን፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 3፥16 «የእግዚአብሔር ቤተ መቅደስ እንደ ሆናችሁ» እንዲል። ሦስተኛ የምእመናን አንድነት። ሮሜ 16፥5 ሦስተኛው ነው፤ አለቀ።

ፊደል ገበታ፦
አላለቀም፤ «ክርስቲያን» ራሱ ብዙ ቁጥር መሆኑን ማንም አላነሣም። ጻድቅ ጻድቃን፣ ቅዱስ ቅዱሳን፣ ምእመን ምእመናን። ክርስቲያንም እንዲሁ «የክርስቶስ የሆኑቱ» ማለት ነው። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ከስሟ ጀምራ ማኅበር ናት፤ አንድ ሰው ብቻውን ክርስቲያን ሊባል አይገባም ማለት ነው።

ጽርዕ ወዳጅ፦
ሐሳቡ ልብ ይነካል፤ መድረሻ ሆሄው ግን ግእዝ አይደለም። በጽርዑ «ክሪስቲያኖስ» ነው፤ «ያኖስ» ደግሞ ከሮማይስጥ (ከላቲን) የተወሰደ ነው፤ የአንድ ጌታ ወይም አለቃ ወገን ለሆነ ሰው የሚሰጥ ስም ነው። ማርቆስ 3፥6 ላይ ፈሪሳውያን የተማከሩት በጽርዑ ከ«ሄሮድያኖስ» ጋር ነው። የእኛ ተርጓሚዎች ምን አሉ? «ከሄሮድስ ወገን ጋር»። ያው መድረሻ ነው። በዚሁ ልክ ክርስቲያን ማለት «የክርስቶስ ወገን» ነው። ስሙ መጀመሪያ የተሰጠው በአንጾኪያ ነው (ሐዋርያት ሥራ 11፥26)፤ «ተባሉ» ይላል እንጂ ራሳቸውን ጠሩ አይልም። በሐዲስ ኪዳን ሙሉ የሚገኘው 3 ጊዜ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ሐዋርያት ሥራ 26፥28ና 1ኛ ጴጥሮስ 4፥16 ናቸው። ሁለተኛው በንጉሥ አግሪጳ አፍ፣ ሦስተኛው በመከራ መካከል። ሰዎቹ እርስ በርስ የሚጠራሩት «ወንድሞች»፣ «ቅዱሳን»፣ «ደቀ መዛሙርት» እየተባባሉ ነበር።

ሰዋስወ ግእዝ፦
«ወገን» የሚለው ካነሣህ አይቀር ቁልፉ «ቤት» ላይ ነው ያለው፤ አራሚው የተደናቀፈውም እዚያው ነው። «ቤተ ክርስቲያን» ዘርፍ አያያዥ ነው፣ «የክርስቲያን ቤት» እንደ ማለት፤ «ት» ወደ «ተ» የተቀየረው ለዚህ ነው። አሁን ሌሎቹን ዘርፎች አስቡ፦ ቤተ እስራኤል፣ ቤተ ያዕቆብ፣ ቤተ ዳዊት። ከእነዚህ አንዱም ግድግዳ የለውም። ቤት ማለት ዘር፣ ወገን፣ ቤተ ሰብ ነው፤ «ቤተ ሰብ» ራሱ ከ«ቤተ ሰብእ» የመጣ አይደለምን? በአንድምታም «ላይ ቤት»ና «ታች ቤት» ስንል ሁለት የትርጓሜ ትምህርት ወገን ማለታችን ነው እንጂ ፎቅና ምድር ቤት አይደለም። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ማለት የክርስቶስ ወገን የሆኑት ቤተ ሰብ ማለት ነው። ቤተ ሰብ ደግሞ ሰው ቤት ውስጥ ይሰበሰባል። ቤት ውስጥ ቤት የሚባል እንቆቅልሽ ከመጀመሪያው የለም።

አንድምታ ፈላጊ፦
ይህ ግን ማቴዎስ 16፥18ን ይጥሳል። በግእዙ «አንተ ኰኵሕ ወዲበ ዛቲ ኰኵሕ አሐንጻ ለቤተ ክርስቲያንየ» ነው የሚለው፤ በዚህ ዓለት (ኰኵሕ) ላይ ቤተ ክርስቲያኔን እሠራለሁ ማለት ነው። ሐነጸ! በዓለት ላይ የሚታነጽ ቤተ ሰብ አይደለም፣ ሕንፃ ነው። ሰዋስው ከያዝክ ግሱንም ያዝ።

ሰዋስወ ግእዝ፦
ይያዝ። ሩት 4፥11 ላይ የከተማው በር ሽማግሌዎች ቦዔዝን ሲመርቁ ሚስቱ «የእስራኤልን ቤት እንደ ሠሩ እንደ ራሔልና እንደ ልያ» ትሁን ይላሉ። ራሔልና ልያ ድንጋይ አልጠረቡም፤ ወለዱ። 2ኛ ሳሙኤል 7ም ያው ነው። ዳዊት ለእግዚአብሔር ቤት ልሥራ አለ፤ መልሱ እግዚአብሔር ለአንተ ቤት ይሠራልሃል የሚል መጣ፤ ዘርና መንግሥት። በቅዱስ መጽሐፍ ወገን ይሠራል፣ ይታነጻል። ጴጥሮስ ራሱ፣ ኰኵሕ የተባለው፣ በመልእክቱ (1ኛ ጴጥሮስ 2፥5) ድንጋዩን ሕያው አድርጎ ምእመናንን መንፈሳዊ ቤት ሆናችሁ ተሠሩ ብሏል። «አሐንጻ» ላይ ያለችውንም «ጻ» አትለፋት፤ «እሠራታለሁ» ነው፣ ሴት ናት።

ወለተ ንባብ፦
አንስታዩን ስላነሣችሁ ልጠይቅ፦ «ላለች» የሚለው ራሱ ምልክት ይሆናል? ሕንፃው ሲሆን «ቤተ ክርስቲያኑ ታደሰ» እንላለን፣ እዚህ ግን «ላለች»።

ጽርዕ ወዳጅ፦
ግማሽ ምልክት ነው። በዕለት ተዕለት አነጋገር ሕንፃው ወደ ተባዕት፣ ማኅበሯ ወደ አንስታይ ታደላለች፤ ግን «ቤተ ክርስቲያኗ ተቃጠለች» የሚልም ሞልቷል። በሐዲስ ኪዳን ትርጉም ውስጥ ደግሞ ሁልጊዜ ለማለት እስኪቻል ድረስ አንስታይ ናት፤ ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ በዚያ ዘመን የተለየ ሕንፃ ስለሌለ። ከሁሉ የሚጠቅምሽ ማስረጃ ማቴዎስ 18፥17 ነው፦ የበደለህ ወንድም ባይሰማ «ለቤተ ክርስቲያን ንገራት»። ለግድግዳ አይነገርም። ቃሉ በአራቱ ወንጌላት የሚገኘው 3 ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዴ 16፥18፣ ሁለቴ እዚሁ 18፥17 ላይ። የታነጸችውና የምትሰማው አንዲት ናት።

የድጓ ቤት፦
«የተለየ ሕንፃ ስለሌለ» የሚለው ትንሽ ይብራራ፤ ልጆች ሁልጊዜ ይጠይቃሉ። በኤፍራጥስ ዳር፣ ዛሬ ሶርያ በሚባለው አገር፣ ዱራ ኤውሮጶስ የምትባል ከተማ ነበረች። እዚያ አንድ ተራ መኖሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ3ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ላይ ለጸሎት ተለውጦ ተገኝቷል። የሁለት ክፍል መካከለኛ ግድግዳ ፈርሶ አንድ ረጅም አዳራሽ ሆኗል፤ በሌላ ክፍል የጥምቀት ገንዳ ተሠርቶ ግድግዳው ላይ መልካሙ እረኛ ተሥሏል። ከደጅ ሲታይ ያው የሰፈር ቤት ነው። ከተማዋ በ256 ገደማ በፋርሶች ከመያዟ በፊት የከተማውን ቅጥር ለማጠንከር አፈር ሲሞላ ቤቱ ተቀበረ፤ ስለተቀበረም ተረፈ። ለክርስቲያኖች የአምልኮ ነፃነት የሰጠው የሚላኑ አዋጅ ከዚያ በኋላ በ313 ነው። እንግዲህ «በቤታቸው ላለች» ሲባል ቤቱ ቤት ሆኖ ነው የቀረው፤ ቤተ ክርስቲያን የሆኑት የገቡት ሰዎች ናቸው።

ፊደል ገበታ፦
ታዲያ አራሚው «ማኅበር» ቢል ምን ጎደለ? ኀብረ፣ ተባበረ፤ ያው ነው።

የድጓ ቤት፦
ብዙ ይጎድላል። የኢትዮጵያ ልጅ «በቤታቸው ያለ ማኅበር» ብሎ ሲያነብ የሚታየው ጽዋ ማኅበር ነው፤ የወሩ ተራ ጵርስቅላ ላይ ወድቆ ዳቦና ጠላ የተዘጋጀ። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ሌላው ቤት። ጳውሎስ የሚለው ግን ጥምቀቱ፣ ትምህርቱ፣ እንጀራ መቁረሱ ሁሉ እዚያ የሆነውን ነው፤ ሙሉዋን። «ጉባኤ» ብትዪ ደግሞ ለሦስት ቀን ድንኳን የተተከለበት የስብከት መርሐ ግብር ይመስለዋል። ሕንፃ የሚያስመስለውን ቃል ሸሽቶ ሌላ ሥዕል ውስጥ መግባት ነው። «ቤተ ክርስቲያን ሳምኩ» በሚባልበት አገር ልጁ ሕንፃ ማሰቡ አይቀርም፤ እሱን ኅዳጉ ያርመው እንጂ ንባቡ አይቀየር።

ዘቅኔ፦
አሁን ጥሩ ነገር ተናገርህ። እኔ የምጨምረው የጸሎተ ሃይማኖቱን ነው፦ «ወነአምን በአሐቲ ቅድስት ቤተ ክርስቲያን እንተ ላዕለ ኵሉ ጉባኤ ዘሐዋርያት»። አሐቲ፣ ቅድስት፣ እንተ፤ ሦስቱም አንስታይ። ሁለቱም ቃል በአንድ ዐረፍተ ነገር አለ፤ ቤተ ክርስቲያንም ጉባኤም። ከሁሉ በላይ የሆነች፣ የሐዋርያት ጉባኤ። አራሚው ይህን በየቀኑ እየጸለየ እንዴት ቤትና ጉባኤን አጣላ?

ጽርዕ ወዳጅ፦
መሪጌታ፣ «ከሁሉ በላይ» የሚለው ላይ እንቆይ። ይህ ዐንቀጽ በኒቅያ ጉባኤ (325) ጸሎተ ሃይማኖት አልነበረም፤ የ325ቱ «በመንፈስ ቅዱስም» ብሎ አቆመ። ስለ ቤተ ክርስቲያን የሚለው ከቁስጥንጥንያ ጉባኤ (381) ከ150ው አባቶች ጋር ይያያዛል። ጽርዑ «ካቶሊኬ» ነው፤ «ካታ» እና «ሆሎስ»፣ በሁለንተና፣ በምላት። «ላዕለ ኵሉ»ን «ከሁሉ የምትበልጥ» ካልነው ትርጉሙ ይሸሻል። «በሁሉ ላይ ያለች»፣ በዓለሙ ሁሉ የተዘረጋች ነው መባል ያለበት።

ዘቅኔ፦
ላዕለ ላይ ነው፣ ላዕላይ፣ ልዑል። ከፍታ ያልሆነ ላዕለ አሳየኝ።

ጽርዕ ወዳጅ፦
«ሣህልከ ላዕሌነ»። ምሕረትህ በእኛ ላይ ይሁን። ከእኛ ይበልጥ ማለት ነው?

ዘቅኔ፦
ከላይ የሚወርድ ስለሆነ ነዋ! ምሕረት ከሰማይ ነው። የአንተው ጥቅስ ለእኔ መሰከረ።

ሰዋስወ ግእዝ፦
ሁለታችሁም ትይዛላችሁ። ላዕለ የቦታ ከፍታም ነው፣ «በ... ላይ» የሚል መስተዋድድም ነው፤ የሚለየው ዐውዱ ነው። ማነጻጸር ሲፈለግ ግእዝ አዘውትሮ የሚጠቀመው «እምኵሉ» ነው። «እንተ ላዕለ ኵሉ» ከማነጻጸር ይልቅ ስፋት ያሳያል፤ ሐሳቡ ለጽርዕ ወዳጅ ይቀርባል። የከፍታውን ምሥጢር መምህራን ጨምረው ቢያመሠጥሩት አልቃወምም፤ ምሥጢር ግን በንባብ ላይ ይጨመራል እንጂ ንባብን አይተካም።

ዘቅኔ፦
እኔ ከላዕላይ አልወርድም።

አንድምታ ፈላጊ፦
ከዚህ ሁሉ ዋናውን ረስተናል። «የቤተ ክርስቲያን ልደት ጰራቅሊጦስ ነው» ይባላል። እስጢፋኖስ ግን በምድረ በዳ ኤክሌሲያ ነበረ ካለ፣ መጀመሪያዋ መቼ ነው? አባቶች ከማኅበረ መላእክት ይጀምራሉ፤ ከዚያ ሕገ ልቡና፣ ሕገ ኦሪት፣ ሕገ ወንጌል። «ተመሠረተች» የሚለውን ቃል ለሃምሳኛው ቀን መስጠት ከዚህ ጋር እንዴት ይስማማል?

የድጓ ቤት፦
ቃላቱን በየቦታቸው ብናስቀምጣቸው አይጋጩም። የዋጃት በደሙ ነው፣ ሐዋርያት ሥራ 20፥28፤ ስለዚህ «በደሙ መሠረታት» እንላለን። በሃምሳኛው ቀን የሆነው መገለጥና መጽናት ነው። አስቀድሞ 120 ያህል ሰዎች በአንድነት ነበሩ (1፥15)፤ ማኅበሩ አልነበረም ማለት አይቻልም። በዚያ ቀን 3,000 ያህል ተጨመሩ፣ «ተጨመሩ» ይላል፤ መጨመር ባለ ነገር ላይ ነው። ቁጥሩንም ልብ በሉ፦ በዘጸአት 32፥28 ስለ ጥጃው በአንድ ቀን ሦስት ሺህ የሚያህሉ ሞቱ። ሕጉ በተሰጠበት ተራራ ሥር ያን ያህል ጠፋ፤ መንፈስ በወረደበት ቀን ያን ያህል ዳነ። አይሁድ ሕጉ የተሰጠበትን ቀን የሚያስቡት በዚሁ በዓለ ኀምሳ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ልቡ ዝም አይልም። «ልደት» የሚለው ቃል የተወደደው ለዚህ ይመስለኛል፤ ሕፃን ሲወለድ ይታያል እንጂ መኖር የጀመረው ያን ቀን አይደለም።

ሰዋስወ ግእዝ፦
«መኖር የጀመረው ያን ቀን አይደለም» የሚለው እጅግ ጥሩ ነው። ሉቃስ በሐዋርያት ሥራ «ኤክሌሲያ»ን ለአማኞቹ ሲጠቀም በጥንታውያኑ ቅጂዎች መጀመሪያ የሚመጣው 5፥11 ላይ ነው፤ በሐናንያና በሰጲራ ሞት ጊዜ፣ «በቤተ ክርስቲያንም ሁሉ» ፍርሃት ሲሆን። ስሙ ከሕንፃ ቀርቶ ከበዓል ጋር እንኳ አልመጣም፤ ከተጠያቂነት ጋር መጣ።

ወለተ ንባብ፦
አባቶቼም ወንድሞቼም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ንባቡን እንዳለ እተወዋለሁ። ኅዳጉን እንዲህ ጻፍኩት፦ «ቤተ ክርስቲያን፦ እዚህ ላይ ሕንፃው ሳይሆን በጵርስቅላና በአቂላ ቤት ለጸሎት የሚሰበሰቡት ምእመናን ናቸው።» ሁለት መስመር ሞልቷል።

ሰዋስወ ግእዝ፦
«ናቸው» ወደ «ናት» ይቀየር። «የሚሰበሰቡት ምእመናን አንድነት ናት»። ብዙ ካደረግሻት «ላለች» ከሚለው ንባብ ጋር ትጣላለች።

ዘቅኔ፦
«ለጸሎት» ብቻስ ለምን? ትምህርቱ፣ እንጀራ መቁረሱ የት ሄደ? ሐዋርያት ሥራ 2፥42 አራት ነገር ይቆጥራል።

ወለተ ንባብ፦
መሪጌታ፣ አራቱ ከገቡ ሦስት መስመር ይሆናል።

ፊደል ገበታ፦
«ለጸሎት» ይውጣና «የሚሰበሰቡት» ብቻ ይቅር፤ ቦታ ይተርፍሻል። በነገራችን ላይ፣ ብዙዋ «አብያተ ክርስቲያናት» ለምን ሁለት ጊዜ ትበዛለች? አብያትም ክርስቲያናትም። አንዱ አይበቃም ነበር?

ሰዋስወ ግእዝ፦
ያ ሌላ ርእስ ይከፈትለት። ግን ራእይ 1፥4 ላይ «ለሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት» የሚለውን ይዘህ ና፤ «አብያተ ክርስቲያን» ቢባል ሰባት ቤት ነው ወይስ ሰባት ወገን የሚለውን ከዚያ እንጀምራለን።